«አያቴ መነኩሲት ናቸው»

ልጅ እያለሁ የጻፍኩት፣ መምህሬ በቀይ እስክሪብቶ የሰረዘችው አንድ ዓረፍተ ነገር አለኝ። ወረቀቱ የሚኖረው በዚያ ክብ ሰማያዊ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። የኔ ዘመን ልጆች ታውቁታላችሁ፤ ብስኩት አገኛለሁ ብላችሁ ስትከፍቱት መርፌና ክር የሚያስታቅፋችሁን ማለቴ ነው። ባለፈው እሑድ እናቴ ደውላ አንድ ጉዳይ ነገረችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወንበር ላይ ወጣሁና ቆርቆሮውን ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አወረድኩት። ክዳኑ ሲነሣ የንብ ሰም ሸተተኝ። ስንት ዓመት አለፈው፣ ሽታው ግን አልለቀቀም።

ያኔ የምንኖረው ክሬሰንት ታውን በሚባል የስደተኛ ሰፈር ነበር፤ አሥራ አራተኛ ፎቅ፣ እናቴና እኔ። አባቴ ሱዳን ቀርቷል፣ የእሱ ነገር ሌላ ወሬ ነው። እናቴ መሐል ከተማ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ስታጥፍ ትውልና እጇ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ትመጣለች። በረዶ ሲጥል ከሕንፃው ልጆች ጋር ካርቶን ላይ ተቀምጠን ከኮረብታው እንሸራተታለን፤ በረዶው ሲሄድ ፓርኪንጉ ውስጥ በቴኒስ ኳስ ሆኪ እንጫወታለን። የግብ ጠባቂው ጓንት የእናቶቻችን የምጣድ መያዣ ነበር። ኤሌቬተሩ በተከፈተ ቁጥር የሰባት አገር ወጥ ይሸታል፣ አፍንጫችን ማን ቤት ምን እንደተበላ ያውቅ ነበር።

አሥር ዓመት ሲሞላኝ አያቴ መጡ። እናቴ ስፖንሰር አድርጋ፣ ወረቀት ለወረቀት ስትሯሯጥ ቆይታ ነው ያመጣቻቸው። ኤርፖርት ቆሜ የጠበቅሁት ጉንጫቸው የሞላ፣ ደረታቸው ላይ የሚያስተኙ አያት ነበር። የመጡት ግን ቢጫ ቀሚስ የለበሱ፣ ራሳቸው ላይ ጥቁር ቆብ የደፉ፣ መቁጠሪያና መቋሚያ የያዙ ቀጭን ሴትዮ ናቸው። ሮጬ «እንዴት ነሽ!» ብዬ አንገታቸው ላይ ስጠመጠም እናቴ ከኋላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «እንዴት ነዎት በይ። እማሆይ ናቸው።» እሷም የገዛ እናቷን ጎንበስ ብላ ጉልበት ስማ «እንደምን ሰነበቱ» አለቻቸው። የጓደኞቼ እናቶች እናቶቻቸውን በስልክ አንቺ እያሉ ሲጨቃጨቁ ስለምሰማ የኛ ቤት አንቱታ ገረመኝ። ኋላ ብጠይቃት «ቆብ የደፋ ሰው አንቱ ነው» ብላ ነገሩን ዘጋችው።

እማሆይ ሳሎናችንን ገዳም አደረጉት። ከሶፋው ጀርባ ያለችውን ጥግ ይዘው በቀን ሰባት ጊዜ ይጸልያሉ፣ ስግደታቸው ሲበዛ የታችኛው ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣራውን ይመታል። እሳቸው እንደሚመታ አያውቁም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ሥራ የሌለው ጸሎት ግን አይሆንላቸውም ነበር። ገዳም ሳሉ ሥራቸው ጧፍ ማዘጋጀት ስለነበር እኛም ቤት ቀጠሉት። እናቴ ማር ከሚሸጥ ገበሬ የንብ ሰም ትገዛላቸዋለች፤ እሳቸው በትንሽ ድስት ያቀልጡትና የጥጡን ፈትል እያሳለፉ በመዳፋቸው እንጨት ላይ ያንከባልሉታል። ድስቱን ትንሽ ከረሱት የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፣ እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ በፎጣ አራግበዋለሁ፣ እማሆይ ከታች ሆነው «ዝም በል አንተ!» ይሉታል። ያ ጣራ ላይ የተለጠፈ ነጭ ነገር ሰው ቢሆን ኖሮ ተግሣጹ ያስተካክለው ነበር።

ትምህርት ቤቴ የካቶሊክ ነበር። እናቴ የመረጠችው ዩኒፎርም ስላለውና «ልጅ ፈሪሃ እግዚአብሔር አይጎዳውም» ስላለች ነው። እማሆይ ግን ካቶሊክ ሲባል ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ካቶሊኮች አገራችን ገብተው ያደረጉትን ሁሉ ትናንት እንደተደረገ ያወሩታል፣ ሚስቱን እንደተቀማ ሰው ነበር የሚቆጩት። ሲቆጡ ደግሞ ወዲያው «ይቅር በለኝ» ብለው ያማትባሉ። ፊደል ያስተማሩኝም ከትምህርት ቤት መልስ፣ ያ ዩኒፎርም ቀሚስ ላዬ ላይ እያለ ነው። ግትር ልጅ ስለነበርኩ አንዷን ፊደል ሳላውቃት ወደ ሌላዋ አልሄድም እል ነበርና «ይቺ በቅሎ» ይሉኝ ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ስደርስ ሚስ ዶይል የምትባለው መምህራችን የገዳማትን ታሪክ አስተማረችንና በመጋቢት አንድ ቀን በአውቶቡስ አሳፍራ የእውነት ገዳም ወሰደችን። ከከተማው ወጣ ያለ መስሎን ነበር፤ ሆኖም ከዳቦ ቤትና ከጎማ መጠገኛ አለፍ ብሎ መንገድ ዳር የቆመ የቀይ ጡብ ቤት ነው። እንግዳ የሚቀበሉበት ክፍል ለሁለት ተከፍሏል። በመሐል የእንጨት ርብራብ አለ፤ እኛ ወዲህ፣ መነኮሳቱ ወዲያ። ከርብራቡ ጎን ግድግዳው ውስጥ የተገጠመ የሚሽከረከር ሣጥን ነበር። አንዱ ዕቃ አስቀምጦ ሲያዞረው ሌላው ማዶ ሆኖ ይቀበላል፣ ሰውና ሰው ሳይተያይ። ይህንን ስናይ ሁላችንም እጃችንን ከተን ካላዞርን አልን።

ከርብራቡ ማዶ የተቀመጡት ሲስተር አግነስ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ታሪኩን የጀመሩት ከግብፅ በረሃ ነው። ሀብቱን በትኖ ብቻውን ስለመነነው ስለ እንጦንስ፣ የተበተኑትን መናንያን በአንድ አጥር ሰብስቦ በአንድ ደወል ስላሳደራቸው ስለ ጳኩሚስ ነገሩን። ከዚያ ባሕር ተሻግሮ ኢጣሊያ ውስጥ ቀኑን ለጸሎትና ለሥራ ከፍሎ ሕግ ስለጻፈው ስለ ቤኔዲክቶስ፣ እኅቱም ሴቶቹን እንዳሰባሰበች። መነኮሳቱ መጽሐፍ ሲገለብጡ፣ ረግረግ ሲያደርቁ፣ በሽተኛ ሲያስታምሙ። ሌሎቹ ልጆች ያዛጋሉ። እኔ ግን ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ፤ እንጦንስን አውቀዋለሁ እኮ! እማሆይ ስለ እሱ ሲያወሩ የጎረቤታቸውን ልጅ ነገር የሚያወሩ ነው የሚመስለው። ስንወጣ በዚያ በሚሽከረከረው ሣጥን ለእያንዳንዳችን ትንሽ የወረቀት ከረጢት መጣልን። መነኮሳቱ ለአብያተ ክርስቲያናት የቁርባን ኅብስት ይጋግራሉ፤ ክብ ክቡ ተቆርጦ ሲወጣ የሚቀረውን ቁርጥራጭ፣ ገና ያልተባረከውን፣ ለልጆች ይሰጣሉ። ወረቀት ወረቀት ይላል፣ ምላስ ላይ ተጣብቆ ይቀልጣል፣ እኔ አንዱን እንኳ ሳላስተርፍ አውቶቡስ ውስጥ ጨረስኩት።

የዚያን ቀን ማታ የተሰጠንን የአንድ ገጽ የቤት ሥራ ጻፍኩ። መጀመሪያው በእንግሊዝኛ «አያቴ መነኩሲት ናቸው» ይላል፣ ከዚያ ከእሳቸው የሰማሁትንና ከሲስተር አግነስ የሰማሁትን አንድ ላይ ሰፍቼዋለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የጻፍኩት የለም። ሰኞ ሲመለስልኝ ዓረፍተ ነገሩ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። ሚስ ዶይል ክፉ ሰው አልነበረችም። አጠገቤ ተቀምጣ፣ መነኩሲት አታገባም፣ ያላገባች ደግሞ የልጅ ልጅ የላትም፣ ታሪክ ስንጽፍ የሌለ አንጨምርም አለችኝ። እስከ ዓርብ አስተካክዬ በወላጅ አስፈርሜ ካላመጣሁ እንዳልጻፍኩ ይቆጠራል። «ናቸው እኮ!» ስል ከኋላ የተቀመጠው ልጅ «ወንዱ አያትሽስ ጳጳሱ ናቸው?» አለና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ፤ ያን ጊዜ ያቺን መስመር ቢገድሉኝ እንደማላጠፋት ለራሴ ማልኩ።

እናቴ ትቆምልኛለች ብዬ ነበር። ወረቀቱን አንብባ «ቲቸርሽ ያለችውን ጻፊና አምጪው፣ ሳይን አደርገዋለሁ» አለች። ውሸት እንዳልጻፍኩ ስነግራት «ባይጻፍ ምን ይጎድልብናል? ተይው በቃ!» ብላ ተነሣች። ያ «ተይው» ከወረቀቱ የበለጠ ነገር እንደነበረበት አልገባኝም፤ የመሰለኝ በሰው አገር አንገቷን ደፍታ መኖር የለመደች ሰው ፍርሃት ነው። ወሬአችንን ከጥጋቸው ሆነው የሚሰሙት እማሆይ «ምን ይላል ወረቀቱ?» አሉ። አሁን ድረስ ከሚቆጩኝ ነገሮች አንደኛው ይኼ ነው። በዚያ በተሰባበረ አማርኛዬ፣ በንዴት፣ «እማሆይ መነኩሲት አይደሉም ይላል» አልኳቸው።

መቁጠሪያቸው ቆመ። «መምህርሽ ልክ ብላለች» አሉ ቀስ ብለው። «ዓሣ ከባሕሩ ወጥቶ፣ መነኩሴ ከገዳሙ ወጥቶ ምን ይሆናል? እኛም ስንባባለው የኖርነው ነው።» በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጥጋቸው ተቀምጠዋል፤ ራሳቸው ላይ ያለው ግን የእናቴ አበባ አበባ ያለው ሻርፕ ነው። ቆቡ የለም። ድስቱ ታጥቦ ተደፍቷል፣ ቤቱ ሰም አይሸትም። ያ ሻርፕ ያምርባቸው ነበር፣ እሱ ነው ይበልጥ ያስለቀሰኝ። እኔ ነኝ ያስወለቅኋቸው፣ እኔው እመልሰዋለሁ አልኩ።

«ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይላሉ እሳቸው ራሳቸው፣ ሰው አልቻልኩም ሲላቸው። ሌሊቱን ሳስብ አድሬ አንድ ነገር ታየኝ፤ ማን መነኩሲት እንደሆነች ከመነኩሲት በላይ የሚያውቅ የለም። ሐሙስ ከትምህርት ቤት እንደመጣሁ እማሆይ ፊት ቆምኩና «የገዳሙ ሲስተር እማሆይን አምጪልኝ ብለዋል» አልኳቸው። ውሸታም እንዳልሆንኩ ላስመሰክር ስል ያን ያህል ትልቅ ውሸት የዋሸሁት ያኔ ነው። «እኔ ካቶሊክ ቤት ምን አለኝ?» አሉ። ትንሽ አሰቡና፣ «ገዳም ጠርቶ እንግዲህ እምቢ አይባልም» ብለው ተነሡ፤ ባዶ እጅ አይኬድም ብለውም የቀረቻቸውን አንድ እስር ጧፍ በነጠላ ጠቀለሉ። እናቴ ከሥራ ስትመጣ እንዳትደነግጥ ብዬ ካስተማሩኝ ፊደል በእርግጠኝነት የምጽፈውን መርጬ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩላት። «እማሆይ ገዳም ሄዱ» ይላል። ከዚያ በላይ አማርኛ እጄ አይችልም ነበር።

ሁለት አውቶቡስ ነው። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ነበር፣ ሰዉ ወደ ቢጫው ቀሚስ ያያል፣ እማሆይ ለሁሉም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ይሰጣሉ። ሾፌሩ ገንዘብ አልቀበልም አላቸው። የገዳሙ በር ላይ ስንደርስ ከልክያቸው ሳልጨርስ ጫማቸውን አወለቁ፣ በዚያ ውኃ በቋጠረ ቀዝቃዛ ሴራሚክ ላይ በካልሲ ቆሙ። ደወሉን ጫንኩት። ሲስተር አግነስ ማንንም አልጠሩማ።

በሩ ተከፍቶልን ገባን፤ ሲስተር አግነስም ከርብራቡ ማዶ ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ «ይቺን የት ነው የማውቃት» የሚል ነገር አየሁ። ለምን እንደመጣን ጠየቁኝ። በዚያው ቅጽበት እማሆይ በአማርኛ «ጠርተሽኝ መጣሁ በያት» አሉ። በመሐል ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። እናንተም ለእናቶቻችሁ ቢሮና ክሊኒክ እየተሟገታችሁ ያደጋችሁ ልጆች ታውቁታላችሁ፣ አስተርጓሚ ልጅ ሁለቱን ትልልቅ ሰዎች እንደፈለገ ሊያደርጋቸው ይችላል። ልዋሽ አፌን ከፈትኩና አቃተኝ። እማሆይ ጠርተውኝ መጣሁ ይላሉ፣ ግን ውሸት ነው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኩ በእንግሊዝኛ፤ እያለቀስኩ የወረቀቱንም፣ የቆቡንም ነገር ዘከዘክሁት። ሲስተር አግነስ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ከጥንት ጀምሮ የገዳም ሕግ ሳይጠራ በር ላይ የቆመውን እንግዳ እንደተጠራ ቁጠሩት ይላል፣ ስለዚህ ጠርቼያቸዋለሁ በያቸው አሉኝ። ነገርኳቸው። «የኛም ሕግ ያው ነው» አሉ እማሆይ፣ ጧፉን ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጡና እኔ አዞርኩት። ሲስተር አግነስ ማዶ ሆነው ሲያሸቱት ይሰማኛል።

ከዚያ ልብሳቸውን ሰብስበው ወደ ርብራቡ ተጠጉ። «እንግዲህ መጥቻለሁና ልጠይቅ። ገዳሟን ትታ የወጣች መነኩሲት ቆቡ ይገባታል ወይ? በይልኝ።» ሲስተር አግነስ ለምን እንደወጡ ጠየቁ። እማሆይ የተናገሩትን እያንዳንዷን ቃል አስታውሳለሁ፣ ምክንያቱም በአማርኛ ስሰማው አልገባኝም፣ በእንግሊዝኛ ሳወጣው ነው የገባኝ። «እግሬ ውኃ ለመቅዳት መውረድ አቃተው። እመ ምኔቷ ወደ ልጅሽ ሂጂ አለችኝ። የምን ልጅ? ባሌ ሲሞት፣ ልጄን አሥራ አራት ዓመቷ ላይ እኅቴ ዘንድ ጥያት ነው የመነኮስኩት። ሌሊት ወጣሁ፣ አልነገርኳትም። በነጋታው ተከትላኝ መጥታ በሩ ላይ ስትጣራ ሰምቻለሁ። አልወጣሁም።» እናቴ ናት እንግዲህ። በሩ ላይ የቆመችው፣ «ተይው በቃ» ያለችው እናቴ ናት። መተርጎሜን ግን አላቆምኩም።

ሲስተር አግነስ መልሳቸውን በታሪክ ነው የሰጡት። ነገሥታት ገዳማትን እንደዘጉ፣ በፈረንሳይ መነኮሳቱ ተባርረው ልብሳቸውን ደብቀው በሰው ቤት ኪራይ ክፍል ተጠግተው ደወል በሌለበት የጸሎት ሰዓታቸውን እንደጠበቁ ነገሯቸው። ከቤቱ መውጣት ምንኵስናውን ቢሽረው ኖሮ፣ ከዚህ ርብራብ ማዶ ዛሬ የሚቀመጥ ሰው ባልኖረ። ደግሞም ስለ አንዲት ባልቴት አወሩ፤ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ልጇን ትታ ገዳም ገብታ፣ ኋላም ባሕር ተሻግራ ኩቤክ የመጣች። ልጁ በገዳሙ በር ቆሞ እናቴን መልሱልኝ እያለ ያለቅስ ነበር። እማሆይ ይህንን ሲሰሙ እጃቸው ርብራቡን ያዘ። «ልጁስ?» አሉ። አደገ፣ እሱም መነኮሰ፣ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር፣ ግን ዳግመኛ አልተያዩም። «አልተያዩም?» አልተያዩም። እማሆይ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «እኔ አይቻታለሁ» አሉ። «እኔን አሳይቶኛል።»

ሲስተር አግነስ ሰዓታቸውን አዩና፣ የማታው ጸሎት ደወል ሊደወል ነው፣ ቆብ ካላቸው አሁን ቢያደርጉት ይሻላል በያቸው አሉ። እማሆይ ጉያቸው ውስጥ እጃቸውን ከተቱ። ለካ ቆቡን ይዘውት ነው የወጡት። አበባውን ሻርፕ አውልቀው ለኔ ሰጡኝና ደፉት። ሁለቱ አሮጊቶች፣ አንዷ ወዲያ አንዷ ወዲህ፣ በየቋንቋቸው ጸለዩ፤ እኔ በመሐል ምንም የምተረጉመው ነገር አጣሁ። ስንወጣ ሣጥኑ ዞሮ የኅብስት ቁርጥራጭ ከረጢት መጣ። ሴቶች እንደሚጋግሩት ስነግራቸው እማሆይ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ በኛ ቤተ ክርስቲያን ኅብስት በሚጋገርበት ቤተ ልሔም ሴት አትደርስም። አልበሉትም፣ አልጣሉትምም፤ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ክሬሰንት ታውን ስንደርስ ገና ብርሃን ነበር። የሕንፃችን መግቢያ መስታወት ውስጥ እናቴን አየኋት። በቤት ነጠላ ጫማ ናት፣ የሆቴሉን ዩኒፎርም አላወለቀችም፣ ያቺን ከፍሪጁ የነቀለቻትን ወረቀት ጨብጣለች። «እማሆይ ገዳም ሄዱ»። እኔም አብሬ እንደሄድኩ፣ እንደምንመለስም አልጻፍኩም ነበር። ለእኔ የአንድ ከሰዓት ጉዳይ ነው፤ እሷ ግን ሥራ ውላ ገብታ ያነበበችው በአሥራ አራት ዓመቷ ከእንቅልፏ ስትነቃ ያጋጠማትን ነው። ሊመታኝ የተነሣ እጇ አየር ላይ ቀረ፤ ወደ እማሆይ ዞረችና ጎረቤት ሁሉ እያየ እንደ ሕፃን ጮኸች። «ደግሞ ጥለሽኝ ሄድሽ ብዬ እኮ ነው! ደግሞ ሳትነግሪኝ፣ እማዬ!»

እናቴ እናቷን አንቺ ስትል የሰማሁት የዚያን ቀን ነው። እማሆይ አልመለሱላትም። መቋሚያቸውን ለኔ ሰጡኝ፣ ጎንበስ አሉ፣ ቀጥለው በጉልበታቸው፣ ቀጥለው ቆቡ ያለበት ግንባራቸው የመግቢያውን ጭቃማ ምንጣፍ እስኪነካ ድረስ እናቴ እግር ላይ ወደቁ። «ይቅር በይኝ ልጄ። ያን ጊዜ በሩ ላይ ስትጣሪ ሰምቼሻለሁ።» እናቴ «ኧረ ይነሡ፣ ኧረ በእናትሽ ተነሺ» እያለች፣ አንቱውና አንቺው ተደበላልቆባት፣ እሷም አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ፖስታ ሊያወጡ የመጡ ሰዎች ዞረውን አለፉ። አንዲት የባንግላዴሽ ጎረቤታችን ውኃ አመጣችልን፣ ምንም አልጠየቀችም።

እራት ከበላን በኋላ እናቴ «ያን ወረቀት አምጪው» አለችኝ። አላስተካከልኩትም አልኳት፤ አላስተካክልምም አልኳት። «እኔ አስተካክይ አልኩሽ?» ብላ እስክሪብቶ አነሣች። በቀይ ከተሰረዘችው መስመር ሥር በእንግሊዝኛ፣ እሷ በምትችለው ትልልቅ ፊደል፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ «እናቴ መነኩሲት ናቸው» ብላ ጻፈችና ፈረመችበት። ዓርብ ሚስ ዶይል ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ቁጭ አስደርጋ ሁሉንም አስወራችኝ፣ ስለ ኩቤኳ ባልቴት እሷም እንደማታውቅ ነገረችኝ፣ ወረቀቱንም ቀዩ መስመር እንዳለበት ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ሰም እንደገና ቤታችን ሸተተ፣ የጭስ ማስጠንቀቂያውም እንደገና ጮኸ።

እማሆይ ኮሌጅ ሳለሁ አረፉ፣ ቆባቸውን እንደደፉ ነው የቀበርናቸው። የቀይ ጡቡ ገዳም መነኮሳቱ አልቀው የቀሩት ወደ አረጋውያን ቤት ሄዱ፤ ሕንፃው ኮንዶ ሆኗል፣ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ያ የሚሽከረከር ሣጥን የማን ሳሎን ውስጥ እንደቀረ አስባለሁ። የኔ ልጅ መነኩሲት የምታውቀው በፊልም ነው። እኛ ቢያንስ የጎረቤቱን ወጥ በአፍንጫችን እናውቀው ነበር፣ እሷ የጎረቤቷን ስም አታውቅም፤ ልወቅሳት ግን አልችልም፣ ከከተማው ዳር ስካርቦሮ ወስጄ በር ዘግቼ ያሳደግኋት እኔ ነኝ።

እናቴ እሑድ ደውላ የነገረችኝ ይህ ነው፦ ልትመነኩስ ነው። አገር ቤት፣ እማሆይ ከነበሩበት ገዳም። «አንቺ ካልፈቀድሽ አላደርገውም፤ ነግሬሽ፣ በቀን ነው የምሄደው» አለችኝ። «መልሼ እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ይኼን ያህል ዕድሜ ይዤ፣ ልጅ ወልጄ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆንኩ፤ ተናደድኩ፣ አለቀስኩ፣ አትሄጅም ልላት ስልኩን ሁለት ጊዜ አንሥቼ አስቀመጥኩ። ከዚያ ነው ቆርቆሮውን ያወረድኩት። የጧፍ ቁራጭ፣ የደረቀ ነጭ የኅብስት ቁርጥራጭ፣ ወረቀቱ። የኔ መስመር በቀይ ተሰርዟል፣ የሷ ትልልቅ ፊደላት ከሥሩ ናቸው፣ ከእነሱ ሥር ደግሞ ለአንድ መስመር የሚበቃ ቦታ አለ። እስክሪብቶ ፈልጌ እኔም እንደ እናቴ ያቺኑ መስመር ጻፍኩበት፣ ፈረምኩም። ከዚያ ደወልኩላት።

«ቆቡን የማሰፋልሽ እኔ ነኝ፣ በሩ ድረስ የማደርስሽም እኔ ነኝ» አልኳት። «ግን አንቱ አልልሽም።»

አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማኋት።

«ማን በይ አለሽ?» አለችኝ።